ሳይቆፈር የተሠራ ቦይ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጎማ በመሰለ ነገር ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ቀጭን ቀዳዳ ሥሩ ብትባሉ በምን ትሠሩታላችሁ? እኔ «በድሪል!» ነው ያልኩት። ድሪል ግን ቀጥ ብሎ እንጂ ዞሮ ዞሮ አይሄድም።

በኔዘርላንድ በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ቪቶሪዮ ሳጆሞ እና አልድሪክ ቬልደርስ በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ዘዴ አሳተሙ። መጀመሪያ የቦዩን ቅርፅ ከፕላስቲክ ይሠራሉ። ፕላስቲኩ የሌጎ መጫወቻ የሚሠራበት ዓይነት ነው። በላዩ ላይ ፈሳሽ ሲሊኮን ያፈሱበታል። ሲሊኮን አሸዋ ውስጥ ካለው ሲሊከን ከሚባለው ንጥረ ነገር ተነስቶ የሚሠራ ሲሆን ሲጠነክር እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ እንደ መስታወትም ውስጡን ያሳያል። ከዚያ አሴቶን ውስጥ ይነክሩታል። አሴቶን እህቶቻችን የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ነው። አሴቶን ፕላስቲኩን ያሟሟል፤ ሲሊኮኑን ግን አያሟሟውም። ፕላስቲኩ ሟሙቶ ሲወጣ ቦታው ባዶ ቦይ ሆኖ ይቀራል። ዘዴውን «ኤስካርጎ» ብለውታል፤ በፈረንሳይኛ ቀንድ አውጣ ማለት ነው።

ይሄ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ታናሽ ወንድሜ ታሞ ደም ሲቀዳ እጁን የምይዘው እኔ ነበርኩ። መርፌውን ሲያይ እንዴት እንደሚጮህ! ቦዩ እንደ ፀጉር ከቀጠነ ግን አንዲት ጠብታ ደም ብቻ ትሞላዋለች። ሳይንቲስቶች በትንሽ ደም ብዙ ምርመራ ለመሥራት እነዚህን ቦዮች የሚፈልጓቸው ለዚህ ነው።

እኔም ከእህቴ ጋር ሞከርኩት። ሲሊኮን ስለሌለን ሻማ አቀለጥን፤ በፕላስቲኩ ፋንታ ስኳር አቅልጠን እንደ ክር ሳብነው። የስኳሩን ክር ጣሳ ውስጥ አድርገን ሻማውን አፈሰስንበት። ሲደርቅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተትነው። በማግስቱ ባየው ምንም የለም! ለካ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ በሻማው ተሸፍኖ ነበር፤ ውኃው በምን ይግባ? ሁለተኛውን ስንሠራ የክሩን ሁለት ጫፎች ወደ ውጭ አስቀረናቸው፣ ውኃውንም ቶሎ ቶሎ ቀየርን። በሦስተኛው ቀን በሲሪንጅ ቀለም ያለው ውኃ ብንጨምርበት በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጠብ፣ ጠብ አለ።

ሻማው ክበባችን ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። በእረፍት ሰዓት መጥታችሁ እዩት፤ ግን ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጡብኝ።