የጋራዥ ቃላት በመዝገበ ቃላት፦ አሮጌ የኢጣልያ መኪና በማደስ ሥራ ላይ የሚነገሩ ስያሜዎች

የመኪና ጥገና ቃላት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አስቸጋሪ ከሚባሉት መካከል ናቸው። ችግሩ የቃላት እጥረት አይደለም፤ ቃሉማ ሞልቷል። ነገር ግን ቃሉ የሚኖረው በመካኒኩ አፍ እንጂ በጽሑፍ አይደለም፤ አብዛኛውም ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ስለሆነ የቋንቋ ሰው «ይህ አማርኛ ነውን?» እያለ ያመነታል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሥራ ላይ ወስነን እንመለከተዋለን። ሥራውም ዛሬ ብርቅ የሆነችን የኢጣልያ መኪና በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ፈታቶ፣ ጠግኖና አድሶ ወደ ጥንተ መልኳ መመለስ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዚህ ሥራ ከአንዲት ዳዶ አንሥቶ እስከ ሞተሩ ድረስ እያንዳንዱ ክፍል በእጅ ይነካል፤ የተነካውም ሁሉ በስሙ ይጠራል።

ለምሳሌ ያህል ሥፍራውን ፍኖተ ሰላም፣ መኪናዋን ፊያት 600 እናድርግ። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ ቀጥላ የምትገኘው ቡሬ ደግሞ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልባት መጋጠሚያ ናት። የከተማዪቱ ስም ራሱ ከግእዝ የተዋቀረ ነው፤ ፍኖት መንገድ ማለት ነውና «የሰላም መንገድ» ይሆናል። አገሩ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር በመሆኑ ለአዲስ ነገር ከግእዝ ስም ማውጣት ለጎጃም ሊቅ እንግዳ አይደለም። በዚያው ጎዳና ዳር ባለው ጋራዥ ግን የሚሰማው ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ ነው። ሁለቱ የስያሜ መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ።

ሀ. የቃላቱ አመጣጥ

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል የገባችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያመጣትም እንግሊዛዊ ነበር። የጋራዥ ቃላችን ግን እንግሊዝኛ ሆኖ አልቀረም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገሪቱን ሲወር ብዛት ያላቸው ከባድ መኪናዎች አስከትሎ ገባ። ከእነዚህ መካከል ፊያት 634 በቁጥሩ መጨረሻ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ በሕዝብ አፍ ቀረ። በቡሬ የነበረው የኢጣልያ ምሽግ በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ገደማ ተለቀቀ፤ ጦሩም ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ጦሩ ሲሄድ ቃሉ አልሄደም። መኪናውን፣ መፍቻውንና ሙያውን የተረከበው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ዕቃውን የተረከበው ከነስሙ ነበር። ከዚያም በኋላ «ኤንትሬ» የተባለው የፊያት 682 ከባድ መኪና ተሳቢውን እየጎተተ በየጎዳናው ሲመላለስ፣ ትንሿ ፊያት 600 ደግሞ በአዲስ አበባ በታክሲነት ስታገለግል ስሞቹ ይበልጥ ጸኑ።

እዚህ ላይ አንድ የስያሜ ጠባይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ኢጣልያንኛው «ሰይቼንቶ» ስድስት መቶ፣ «ትሬንታ ኳትሮ» ሠላሳ አራት ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም ቁጥርነታቸውን ትተው የነገር ስም ሆነዋል። «ሁለት ሰይቼንቶ ገዛ» የሚል ሰው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አይቈጥርም። ስለዚህ ተርጓሚ እነዚህን ስሞች በቁጥር ቢመልሳቸው ነገሩን ያጠፋዋል።

ለ. ስምና ግሥ በሥራው ላይ

ፊያት 600 በ1955 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበች፣ መጀመሪያ 633 ሳንቲ ሜትር ኩብ የሚይዝ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር የነበራት ትንሽ መኪና ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው። በዚህ ብቻ የመጀመሪያው የፍች ችግር ይነሣል። ኮፈን ማለት «የመኪና የፊት ክዳን» ነው ብለን ብንመዘግብ በሰይቼንቶ ላይ ስሕተት ይሆናል፤ ከፊት ያለው ክዳን የሚሸፍነው የዕቃ ማስቀመጫን ነውና። ፍቹ «የሞተር ክዳን» ቢባል ግን በሁሉም ላይ ይጸናል። እንግዲህ የቃልን ትርጉም የሚፈትነው ብርቅ የሆነው ዕቃ ነው፤ ከተለመዱት መኪናዎች ብቻ የተቀዳ ፍች ይጐድላል።

ባለቤቱ ሥራውን ሲጀምር ክሪክ ያስገባል፤ ጎማውን ያወልቃል፤ በካቻቪቴ፣ በፒንሳና በመፍቻ ብሎኑንና ዳዶውን ይፈታል፤ ሮንዴላውን ይለቅማል። ቀጥሎ ሞተር ያወርዳል፤ ቴስታታ ይፈታል፤ ጓርኒሲዮን ይለውጣል፤ ካንዴላ ያጸዳል። የበሰበሰውን ወለል ቈርጦ አዲስ ላሜራ ያስበይዳል፤ ስቱኮ ይቀባል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ በመጨረሻም ቀለም ይነፋል። አንባቢ እንደሚያየው በዚህ ሐረግ ውስጥ አብዛኛው ስም ከውጭ የመጣ ሲሆን ግሡ አንድም ሳይቀር አማርኛ ነው። ያወልቃል፣ ይፈታል፣ ያወርዳል፣ ይለውጣል፣ ይበይዳል። ባለሙያው ከውጭ የተዋሰው የዕቃውን ስም ነው እንጂ ሥራውን አልተዋሰም።

ምክንያቱ በቋንቋው አሠራር ውስጥ ይገኛል። የአማርኛ ግሥ ከሥር ፊደላት ይረባል፤ በየደ ካልን ብየዳ፣ በያጅ፣ ተበየደ፣ አስበየደ እንላለን። ለዚሁ ሥራ የኢጣልያንኛው ቃል «ሳልዳቱራ» ነው፤ ከዚህ ግን ይህን ሁሉ ርቢ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የተዋስነው ስም በአማርኛ ግሥ እየተደገፈ ይሄዳል፤ ፍሬን ያዘ፣ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ጎማ ነፋ፣ ሞተር አስነሣ። መዝገበ ቃላት ስሙን ብቻ አስፍሮ አጃቢ ግሡን ቢተው፣ ተርጓሚው «ፍሬን አደረገ» ብሎ ማንም የማይናገረውን አማርኛ ይጽፋል።

ሐ. የድምፅና የትርጉም ለውጥ

ቃላቱ ሲገቡ እንደነበሩ አልቆዩም። ፍሬኖ ፍሬን፣ ኮፋኖ ኮፈን፣ ቡሎኔ ብሎን ሆኗል፤ የመጨረሻው አናባቢ ወድቋል። በአንጻሩ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ታርጋ፣ ፍሬቻ፣ ፖምፓ መጨረሻቸውን ጠብቀዋል። ዳዶና ቦሎም እንዲሁ ናቸው። አንድ ወጥ ሕግ ስለሌለ አዘጋጁ የኢጣልያንኛውን አጻጻፍ ሳይሆን የተናጋሪውን ድምፅ መከተል ይኖርበታል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው ከመነዳሪ ነው። «ካሜራ ዳሪያ» የተባለው ሐረግ «የአየር ክፍል» ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ድንበሩ ጠፍቶ፣ ድምፁ ተለዋውጦ፣ ጎማ ውስጥ ለሚገባው የአየር ከረጢት አንድ ቃል ሆኗል። ይህን «የተበላሸ ኢጣልያንኛ» ማለት አይገባም፤ የተስተካከለ አማርኛ ነው።

የትርጉሙ ጉዳይ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በኢጣልያንኛ ፍሬኖ አስቀድሞ የፈረስ ልጓም ነበር፤ ባሌስትራ የቀስት መሣሪያ፣ ካንዴላ ሻማ፣ ፍሬቻ ፍላጻ፣ ኩሽኔታም ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ኢጣልያኖችም መኪናቸውን የሰየሙት ከቤታቸውና ከመስካቸው ባገኙት ቃል ነበር። አማርኛም ይህንኑ አድርጓል። ነዳ የሚለው ግሥ ከብትና አህያ ከመንዳት ተነሥቶ ወደ መኪና ተሻግሮ ነጂንና መንጃ ፈቃድን አስገኘ፤ ነደደ ከሚለው ነዳጅ ወጣ፤ መሪ፣ ተሳቢ፣ ገልባጭ፣ የፍሬን ሸራ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ ተሠርቶ የሚገጠምለት አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» የተባለው ማንም ኮሚቴ ሰይሞት አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ማረሻ በወናፍ አግሎ የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ የሚገለገልበት ግሥ ወደ ላሜራው ሥራ ተሻግሮ ነው።

አንዳንድ ጊዜም የጋራዡ አማርኛ ከምንተረጕምበት ቋንቋ ይልቅ ለይቶ ይናገራል። ሰይቼንቶ ከፊት የተሸከማት አግድም የተዘረጋ ባሌስትራ ነው፤ ከኋላ የተሸከማት ጥምዝ ሞላ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን «ስፕሪንግ» ብሎ በአንድ ዋና ስም ይጠራቸዋል፤ የእኛ መካኒክ ግን ሁለት ስም አለው። ተርጓሚው ሁለቱንም ሞላ ቢላቸው ባለቤቱ የማይገጥም ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል።

መ. ጥገና፣ እድሳት፣ ወደ ጥንተ መልክ መመለስ

በዕቃዎቹ ስም በኩል ባለሙያው አሟልቶልናል፤ በሥራው በራሱ ስም በኩል ግን ክፍተት አለ። ጠገነ ማለት የተሰበረውን እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ አደሰ ማለት ያረጀውን አዲስ ማስመሰል ነው። በሰይቼንቶዋ ላይ ሌላ ሞተር ገጥሞ የሚያስነሣት ሰው ጠግኗታል፤ ደማቅ ቀለም ነፍቶ አዲስ መቀመጫ ያሰፋላት አድሷታል። ከፋብሪካ ስትወጣ በነበራት ሞተር፣ በነበራት ቀለም፣ በፊተኞቹ ዓመታት እንደነበረው ማጠፊያው ከኋላ በሆነ በር ያቆማት ግን ሦስተኛ ነገር ሠርቷል። ይህን ሦስተኛውን ሥራ ጥገና ብለን ብንተረጕመው ልዩነቱ ይጠፋል፤ ነገሩም ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ለብራና መጽሐፍ ጭምር ያስፈልጋል። ተሐድሶ ሌላ ጭነት አለው፤ ምልሰትም በሥነ ጽሑፍ ተይዟል። ስለሆነም አንድ ቃል በግድ ከመፍጠር ይልቅ «ወደ ጥንተ መልክ መመለስ» የሚለውን ሐረግ መጠቀም ይሻላል እንላለን፤ ርዝመቱ ጕዳት የለውም፤ ሲሰሙት ይገባልና።

ሠ. የአመዘጋገብ ሐሳብ

የወራሪን ቃል ማስወጣት የአርበኝነት ግዴታ ነው የሚል አስተያየት አለ። ስሜቱን እንረዳለን፤ በጎጃም የተደረገው ተጋድሎ የሚዘነጋ አይደለምና። ሆኖም ፍሬንን አውጥተን በምትኩ ልጓም ብንጽፍ ምን ይሆናል? ቃሉ ያማረ፣ ሥርወ ነገሩም ከኢጣልያንኛው ጋር የሚስማማ ነው። ግን «ልጓሙን መርምር» የሚል መመሪያ ያነበበ ጀማሪ መካኒክ የትኛውን ዕቃ ይመርምር? የዐባይን በረሃ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ስለ ፍሬኑ የተጻፈውን ቃል ቆሞ የሚፈታበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሕዝቡ የራሱን ቃል ያሻገረበትን እንመዝግብ፤ የተዋሰውን እንደሚናገረው እንመዝግብ፤ ሁለቱም በሌሉበት ብቻ ከግእዝም ሆነ ከአማርኛ ሥር አዲስ ቃል እናውጣ። ለናሙና ያህል፦

ካንዴላ፤ ስም፤ ከኢጣልያንኛ። በቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ ፈጥሮ የታመቀውን የነዳጅና የአየር ድብልቅ የሚያቀጣጥል ዕቃ። ሻማ ተብሎ አይተረጐምም።

ኩሽኔታ፤ ስም፤ ከኢጣልያንኛ። በሚሽከረከር ዘንግና በተሸካሚው መካከል ገብቶ ሰበቃን የሚቀንስ ቀለበት መሰል ዕቃ።

ባሌስትራ፤ ስም፤ ከኢጣልያንኛ። ከተደራረቡ የብረት ዝርጎች የተሠራ፣ የመኪናን ክብደት እየተለመጠ የሚሸከም ዕቃ። ከሞላ ይለያል።

ሞላ፤ ስም፤ ከኢጣልያንኛ። ተጠምዝዞ የተሠራ፣ ሲጫኑት የሚታመቅ፣ ሲለቁት የሚመለስ ብረት። ሞላ ከሚለው ግሥ ጋር በጽሕፈት ቢመሳሰልም ዘሩ ሌላ ስለሆነ ለብቻው ይገባል።

ብየዳ፤ ስም፤ በየደ ከሚለው ግሥ። ብረትን ከብረት አቅልጦ ማያያዝ። ሠሪው በያጅ።

ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ዛሬ ጎዳናውን የያዙት ባጃጅና የጃፓን መኪናዎች ናቸው፤ መመሪያቸውም በእንግሊዝኛ ነው። ፍሬንና ጎማ ከአዲሶቹ ጋር ተሻግረው ይኖሩ ይሆናል፤ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ብቻ የተያያዙት ስሞች ግን ዕቃው ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ በየግቢው ቆማ የምትታደስ አንዲት ሰይቼንቶ ለቃላት ሰብሳቢ እንደ ብራና ናት። ሰብሳቢው ከአጠገቧ ቆሞ ባለሙያው የሚነካውን እያየ፣ ስሙን ከነአጃቢ ግሡ፣ ከነሥዕሉና ከነአነጋገሩ ልዩነት ቢጽፍ፣ ወደፊት የአማርኛ የጥገና መመሪያ የሚያዘጋጅ ተርጓሚ ከባዶ አይነሣም።