የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ክፍልን ከማመልከት በፊት እንዴት መመዘን ይቻላል?

ከጋምቤላ ተነሥቶ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐሮማያ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና የግብርና ባለሙያ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከሥራውና ከቤተሰቡ ይለያል። የላከው ወረዳም በእነዚያ ዓመታት አንድ ባለሙያ ይጎድልበታል። የጉዞው ፍሬ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በዩኒቨርሲቲው ስም ሳይሆን ተማሪው በሚገባበት ትምህርት ክፍል ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ትምህርት ክፍሎች አንዱ ተማሪውን በጊዜው ሲያስመርቅ፣ ሌላው ለተጨማሪ ዓመታት ሊያንከራትተው ይችላል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ዓለማያ፣ የዛሬው ሐሮማያ፣ ብቻ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የሚመረጥ ብዙ ነገር አልነበረም። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሲሆን፣ የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና ኮምፕርሄንሲቭ በሚል ተለይተዋል። ጅማና ሐሮማያ በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከተመደቡት መካከል ናቸው። ምደባው የተቋሙን ተልእኮ ያመለክታል እንጂ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ስለሚሠራበት መንገድ አይናገርም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ዩኒቨርሲቲው አመልካቹን የሚመዝንበት ነው። አመልካቹ በበኩሉ ትምህርት ክፍሉን የሚመዝንበት የተዘጋጀ ፈተና የለውም፤ መለኪያውን ራሱ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር የቀድሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ጽሑፎች በኢንተርኔት ለንባብ ክፍት አድርገዋል። አመልካቹ በሚፈልገው ትምህርት ክፍል በቅርብ ዓመታት የቀረቡ አሥር ያህል ጽሑፎችን ቢያወርድ፣ መጀመሪያ የሚያነበው ውጤቱን ሳይሆን ሌሎች አንባቢዎች የሚዘልሏቸውን ገጾች መሆን አለበት። የፊርማው ገጽ አማካሪዎቹና ፈታኞቹ እነማን እንደነበሩ ያሳያል። የአንድ አማካሪ ስም በአንድ ዓመት በብዙ ጽሑፎች ላይ ከተደጋገመ፣ ያ መምህር ለእያንዳንዱ ተማሪ ሊሰጥ የሚችለው ጊዜ ጥቂት መሆኑን መገመት አያዳግትም። የምስጋናው ገጽ ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና የአፈሩ ወይም የደሙ ናሙና በየትኛው ቤተ ሙከራ እንደተመረመረ ይናገራል። ምስጋናው ሁልጊዜ ለሌላ ተቋም ቤተ ሙከራ የሚቀርብ ከሆነ፣ የትምህርት ክፍሉ ቤተ ሙከራ በሥራ ላይ ስለመሆኑ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ የጸሐፊው አጭር የሕይወት ታሪክ ማስፈር የተለመደ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ተማሪው የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን የጀመረበት ጊዜ ይገለጻል። ይህን በሽፋኑ ላይ ካለው ወርና ዓመት ጋር በማነጻጸር ትምህርቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ማስላት ይቻላል። በአሜሪካ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የዶክትሬት ፕሮግራሞች ግምገማ ተማሪዎች ለመመረቅ የሚወስድባቸውን ጊዜ አንዱ መለኪያ አድርጎት ነበር፤ አሥር ጽሑፎችን ያገላበጠ አመልካችም የዚያኑ መለኪያ ትንሽ ቅጂ በእጁ ያገኛል። ያቋረጡ ተማሪዎች ግን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አይገኙም። በመሆኑም ስንቱ ገብቶ ስንቱ እንደተመረቀ ሬጅስትራርን ወይም ተማሪዎችን መጠየቅ ይገባል።

ለሰብል ባለሙያ ከሁሉም በላይ ወሳኙ ጥያቄ አንድ ነው፦ የጥናት ንድፉ በየትኛው ወር ይጸድቃል? በጋምቤላ ዋናው ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይዘንባል። በጥቅምት ትምህርት የጀመረ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ኮርሶች የሚያጠናቅቀው ሰኔ አካባቢ ነው። የጥናት ንድፉ እስከዚያ ካልጸደቀ የዘር ወቅቱ ያልፈዋል፤ ቀጣዩ ዝናብ የሚመጣው ሁለተኛው የትምህርት ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው። ምርቱ ተሰብስቦ፣ መረጃው ተተንትኖ፣ ጽሑፉ ተጽፎ ሲያበቃ ሦስተኛው ዓመት ተጋምሷል። የላከው መሥሪያ ቤት ለሁለት ዓመት ብቻ ተዋውሎ ከሆነ ችግሩ የተማሪው ብቻ ይሆናል። የጥናት ንድፍን ከዝናብ በፊት የሚያጸድቅ ትምህርት ክፍል ግብርናን የሚያውቅ ትምህርት ክፍል ነው። አንዳንዱ ግን የሚሠራው እንደ ማንኛውም ቢሮ በሰሚስተር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የግብርና ጥያቄ የቦታ ነው። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የሐሮማያ ግቢ የተቆረቆረው 2 ሺሕ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ልዩነቱ የሰብሉን ዓይነት፣ ተባዩንና በሽታውን ይለውጣል። ስለዚህ በጽሑፎቹ ውስጥ ጥናቱ የተካሄደበት ቦታ የሚገለጽበትን ክፍል ማየት ይጠቅማል። ሁሉም ሙከራዎች በደጋና በወይና ደጋ የተካሄዱ ከሆኑ፣ ስለ አቦቦ ጥጥ ወይም ስለ ኢታንግ በቆሎ ለማጥናት የሚመጣ ተማሪ ብቻውን ይቀራል። አማካሪን በትምህርት ክፍሉ ብቻ መፈለግም አያስፈልግም። በጥጥ የወረር፣ በሩዝ የፎገራ፣ በቆላማ አካባቢ ሰብሎች የፓዌ የምርምር ማዕከላት ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች አሏቸው፤ ትምህርት ክፍሉ ከእነዚህ ጋር አብሮ ሠርቶ እንደሆነ የፊርማው ገጽ ያሳያል። በጋምቤላ ከብቶችን የሚጎዳውን የገንዲ በሽታ ማጥናት የሚሻ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሲመለከት፣ በቆላ ዝንብ ላይ የሚሠራ መምህር በአሁኑ ሰዓት በሥራ ላይ መኖሩን ማጣራት ይጠበቅበታል።

«በሥራ ላይ» የሚለው ቃል መጠበቅ አለበት። በመምህራን ዝርዝር ላይ ስማቸው የሰፈረ አንዳንዶች ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር ያሉ ወይም ወደ አስተዳደር ሥራ የተዛወሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን በትክክል የሚያውቁት ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገና ከአማካሪ ጋር አልሠራም፤ የተመረቀ ሰው ደግሞ ድካሙን ረስቶ ሊሆን ይችላል። «ትምህርት ክፍሉ ጥሩ ነው?» የሚል ጥያቄ ከትሕትና ያለፈ መልስ አያስገኝም። አማካሪው ረቂቅ ተቀብሎ ለመመለስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት፣ የምርምር ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደተለቀቀ፣ ባለፈው ዓመት ያቋረጠ ተማሪ ካለ ለምን እንዳቋረጠ መጠየቅ ይሻላል። ሴት አመልካቾች፣ በተለይ ሕፃናት ያሏቸው፣ ስለ መኖሪያና ስለ መምህራን አቀራረብ ሴት ተማሪዎችን ለብቻ ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

የግል ተቋም ለሚመርጡ ደግሞ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ጥናታቸውን በጋምቤላ ለማካሄድ ያሰቡ አመልካቾች አማካሪው ከዩኒቨርሲቲው ድረስ መጥቶ ማሳውን ለማየት ፈቃደኛ መሆኑንና የጉዞ አበሉን ማን እንደሚሸፍን አስቀድመው ይጠይቁ። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ በክልሉ የግብርና ምርምር ወይም በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተባባሪ አማካሪ መፈለግ ይቻላል። የእርሱን ፈቃደኝነት የሚገልጽ ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ መላክ፣ ትምህርት ክፍሉ ጉዳዩን እንዴት እንደሚያስተናግድ ከወዲሁ ለማየት ይረዳል።