የክስ ዋጋ ማን ይቁረጠው?

በደብረ ብርሃን ገበያ የበግ ዋጋ የሚቆረጠው ሻጭና ገዥ ተከራክረው ነው። የክስ ዋጋ ግን መጀመሪያ የሚቆርጠው ከሳሹ ብቻውን ነው። ቤት ወይም ወፍጮ ይገባኛል የሚል ሰው፣ በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚያዘው፣ የንብረቱን ግምት በክሱ ላይ ይጽፋል። የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በዚያው አኃዝ ነው። እንግዲህ ከፍ አድርጎ የሚጽፍ ማን ነው?

ወንድማማቾች በውርስ ቤት ተጣሉ እንበል። ከሳሽ ቤቱን 400 ሺህ ብር ይለዋል፤ ተከሳሽ ደግሞ «የለም፣ 2 ሚሊዮን ያወጣል» ብሎ ይቃወማል። ቤቱን የያዘ ሰው ዋጋው ከፍ ይበል ማለቱ ለጆሮ ይገርማል፤ ሒሳቡ ግን የገባው ነው። ግምቱ ከፍ ካለ ከሳሽ ክፍያ ይጨምራል፤ መዝገቡም ከወረዳ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊሻገር ይችላል። እስከዚያው ኪራዩን የሚበላው ተከሳሽ ነው።

ፍርድ ቤቱ በበኩሉ ግምቱን ለባለሙያ ሊሰጥ ይችላል። የባለሙያውም ሥራ ቀላል አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፤ የሚገመተው ግድግዳና ጣሪያው ነው። ገዥ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ለቦታው ጭምር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም በተከፈተባት ደብረ ብርሃን፣ በአስፋልት ዳር ያለች አሮጌ የጭቃ ቤት ከጓሮ ካለ የብሎኬት ቤት ብትበልጥ አያስደንቅም።

ወደ አንኮበር ሲወጣ ነገሩ ይብሳል። የጎረበላ አካባቢ ገበሬ የተወሰደበትን የገብስ ማሳ በስንት ይገምተው? ይዞታው አይሸጥ ነገር፣ ዋጋ የለውም እንዳይባል ቤተሰብ የሚያድረው በእርሱ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከሽያጭ ግምት ይልቅ የዓመቱ ምርት ወይም ኪራዩ የተሻለ መነሻ ነው።

ገንዘቡ የሚረክስበትን ፍጥነት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕግ ራሱ ይመሰክራል። በ1988 ዓ.ም የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን እስከ 500 ሺህ ብር ነበር፤ በ2013 ዓ.ም አዋጅ 10 ሚሊዮን ደረሰ።

ያሸነፈ ወጪውን ከተረታው ሊያስመልስ ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከኪሱ መክፈል አለበት። አቅም የሌለው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል፤ ድህነቱም ተመርምሮ ይወሰናል። ከፈቀዱለትና ከረታ፣ ያልተከፈለው የዳኝነት ገንዘብ ከተሸናፊው ይጠየቃል።