ጆይስቲክ ካልጠሩት አይናገርም

የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ሲዘጋ ቴሌቪዥኖቹ ተሸጡ፣ አግዳሚዎቹ ጎረቤት ላለው ጠጅ ቤት ሄዱ። በማዳበሪያ የታጨቁትን ጆይስቲኮች ግን የጠየቀ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ሁለቱን ለምኖ አመጣና ከረከቦቱ አጠገብ ዘረገፋቸው። ገመዳቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል። የአንደኛው የኤክስ ምልክት ከአውራ ጣት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። የዚያ ቤት ሕግ "ተሸናፊ ይከፍላል" ነበርና በዚያች ቁልፍ ስንት ፓስ እንደተሰጠ ፈጣሪ ይወቀው።

"ጋሼ፣ ላፕቶፑ ላይ ይሠራሉ?"

"ይሠራሉ፤ ግን ጫፋቸው አይገባም።"

"ቆርጠን የዩኤስቢ ጫፍ ብንበይድላቸውስ?"

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ይህ ዘዴ በትክክል የሚሠራበት ጆይስቲክ አለ። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጆይስቲክ ውስጡ ዩኤስቢ ነው፤ ማይክሮሶፍት በዋናነት የለወጠው የጫፉን ቅርጽ ነበር። የእሱን ገመድ ቆርጦ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ያገናኘ ሰው የሚቀረው ድራይቨር መጫን ብቻ ነው። የእኛዎቹ ግን የፕሌይስቴሽን 2 ናቸው። የተለመደው ዩኤስቢ አራት ሽቦ ሲኖረው የእነዚህ ጫፍ ዘጠኝ ቦታ አለው። ሽቦውን እንደምንም ብናዛምደው እንኳ ንግግራቸው አይገጥምም።

ልጁ ገና ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ነገሩን በስም ጥሪ ጀመርኩለት። መምህሩ መዝገቡን ገልጦ ይጠራል፣ የተጠራው "አቤት" ይላል፤ ሳይጠራ አቤት የሚል ተማሪ የለም። ጆይስቲክም እንደዚሁ ነው። ቁልፍ ስትጫን ጆይስቲኩ ወደ ማሽኑ ሮጦ "ተጫኑኝ!" አይልም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ማሽኑ በሰከንድ ብዙ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ በተለወጠ ቁጥር፣ ስም ይጠራል።

ዘጠኙ ቦታዎች ለዚህ ጥሪ የተከፋፈሉ ናቸው። አንዱ ባዶ ነው። ሦስቱ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ አንደኛው ምድር፣ ሁለተኛው ለውስጡ ቺፕ 3 ቮልት ተኩል ገደማ የሚያደርስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለሚንዘረዘሩት ሞተሮች ከ7 ቮልት በላይ የሚሰጥ። የቀሩት አምስቱ ወሬ ያመላልሳሉ። አንዱ "አንተ!" ብሎ ዞር የማለት ያህል ነው። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሁለቱ ጆይስቲኮች አብዛኛውን ሽቦ ስለሚጋሩ ማሽኑ የትኛውን እንደጠራ የሚለየው በዚህ ነው። በአንዱ ሽቦ ትእዛዝ ይሄዳል፣ በሌላው መልስ ይመጣል። አንዱ ጭብጨባ ነው፤ በእያንዳንዱ ጭብጨባ አንድ ፊደል ይሄዳል፣ አንድ ፊደል ይመጣል፤ ፊደሉም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጭብጨባው በሰከንድ 250,000 ጊዜ ነው። የመጨረሻው ሽቦ "ሰምቻለሁ፣ ቀጥል" ለማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ያልተነካው ቁልፍ "አንድ" እያለ ይመልሳል፤ የተጫነው ግን ዜሮ ይሆናል። በስም ጥሪያችን ብናስበው፣ ያልተነካው ሁሉ አቤት ሲል ዝም ያለው ነው የተጫነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ቁልፍ መስመር ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ እንዲኖርበት ተደርጎ ተሠርቷል፤ ጣትህ ሲጫነው መስመሩ ከምድር ጋር ይገናኝና ኤሌክትሪኩ ይወድቃል።

ቁልፎቹ በሁለት ባይት፣ ማለትም በአሥራ ስድስት ጭብጨባ ተጠርተው ያልቃሉ። የሚሽከረከሩት ሁለቱ እንጨቶች ግን አዎ ወይም አይደለም ማለት አይበቃቸውም፤ ምን ያህል እንዳዘነበሉ መናገር አለባቸው። ለእያንዳንዳቸው ለግራና ቀኝ አንድ፣ ለላይና ታች አንድ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል፣ መሐሉ 128 አካባቢ ነው። መሐል ላይ ያለችው "አናሎግ" የምትባል ትንሽ ቁልፍ ቀይ መብራቷን ስታበራ ጆይስቲኩ ለማሽኑ የሚሰጠውን መታወቂያ ይለውጣል፤ "እንጨቶች የሌሉኝ ነኝ" ማለቱን ትቶ "እንጨቶችም አሉኝ" ይላል። ይህቺን መብራት አስታውሱልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ለምን አያውቅም? የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በታኅሣሥ 1994 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የዩኤስቢ የመጀመሪያ ደንብ የወጣው በጥር 1996 ነው። ጆይስቲኩ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። በ2000 የመጣው ፕሌይስቴሽን 2 ፊቱ ላይ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ነበረው፤ ሆኖም ሶኒ የጆይስቲኩን የድሮ ጫፍ አልነካም፣ የድሮዎቹ ጆይስቲኮች አዲሱ ላይ እንዲሠሩ። ለደንበኛ አሳቢነት ነው፤ ለእኛ ግን ዛሬም ራስ ምታት ሆነብን።

ዩኤስቢም ስም ጠሪ ነው፤ ኮምፒውተሩ ካልጠየቀ ከመሣሪያው መልስ አይመጣም። ልዩነቱ ዩኤስቢ ከጥሪው በፊት ምዝገባ ይጠይቃል። "ማነህ? ስንት ቁልፍ አለህ? እንጨቶችህ ከስንት እስከ ስንት ይቆጥራሉ?" ይላል። ኪቦርድም ማውስም ሲሰኩ ወዲያው የሚሠሩት ይህንን ፎርም በደንቡ መሠረት ሞልተው ስለሚመጡ ነው። የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ እንዲህ ያለ ፎርም አያውቅም።

ስለዚህ በሁለቱ መሐል አዳፕተር የሚባል ዕቃ ይገባል፤ እሱ የክፍል አለቃ ነው። አንድ ትንሽ ቺፕ ይዟል። በአንድ በኩል ራሱን ፕሌይስቴሽን አስመስሎ ስም ይጠራል፣ መልሱን ወረቀት ላይ ያሰፍራል። በሌላ በኩል ለኮምፒውተሩ ፎርሙን ሞልቶ ያቀርባል፤ ኮምፒውተሩ ሲጠይቀው ወረቀቱን ይሰጣል። ሁለቱ በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። (ሱቅ ሄዳችሁ "አዳፕተር" ብቻ ካላችሁ የላፕቶፕ ቻርጀር ነው የሚቀርብላችሁ። "የጆይስቲክ፣ ከፕሌይስቴሽን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው" በሉ።)

እኔ የገዛሁት ሁለት ቀዳዳ ያለው ርካሹን ነው። ሰካነው፣ ዊንዶውስ ድምፁን አሰማ፣ ልጁም ወንበሩን አስጠግቶ ጨዋታውን ከፈተ። ተጫዋቹ በቀስቶቹ ይሮጣል፣ በእንጨቱ ግን ንቅንቅ የለም። "ተበላህ ጋሼ፣ አዳፕተሩ ፎርጅድ ነው" ተባልኩ። ነገሩ ያቺ ቀይ መብራት ነበረች። መብራቷ ሲጠፋ ጆይስቲኩ እንጨት የለኝም ስለሚል አለቃው ቀስቶቹን እንደ እንጨት አድርጎ ይመዘግባል። አናሎግን አንዴ ተጫንናት፣ መብራቷ በራች፣ ተጫዋቹም ሮጠ።

እንዲህ ሲያጋጥም ከጨዋታው ጋር ከመታገል በፊት ዊንዶውስ የራሱ መፈተሻ አለው። በመፈለጊያው ላይ "ሴት አፕ ዩኤስቢ ጌም ኮንትሮለርስ" ብላችሁ ስትጽፉ መስኮት ይከፈታል፤ ጆይስቲኩን መርጣችሁ "ፕሮፐርቲስ" የሚለውን ስትነኩ ቁልፍ በተጫናችሁ ቁጥር ቁጥሯ ትበራለች። እዚያ ኤክስ የለም፣ ካሬ የለም፤ በእኛ አዳፕተር ኤክስ 3 ቁጥር ናት። እዚያ ከበራ ሽቦውና አዳፕተሩ ደህና ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ የጨዋታው ነው።

የጨዋታው ጣጣ ግን ትንሽ አይደለም። እንደ ፔስ 2013 ያሉ ጨዋታዎች አብሯቸው የሚመጣ የማስተካከያ ፕሮግራም አላቸው፤ 3 ቁጥር ፓስ ይሁን፣ 4 ቁጥር ሹት ይሁን ብሎ መደልደል ይቻላል። ብዙዎቹ አዳዲስ ጨዋታዎች ግን እንዲህ ያለውን ተራ ቁጥር አይሰሙም። ማይክሮሶፍት በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር ሌላ አነጋገር አመጣ፣ ኤክስኢንፑት ይባላል፤ ጨዋታዎቹ የሚፈልጉት ያንን ጆይስቲክ ብቻ ነው። የእኛ አለቃ ደግሞ በድሮው ፎርም የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ በራ ብላችሁ ጨዋታው ቢዘጋችሁ አዳፕተሩን አትውቀሱት። ስቲም ውስጥ የኮንትሮለር ማስተካከያውን ከፍታችሁ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ብታስተዋውቁት ጆይስቲካችሁን ለጨዋታው የኤክስቦክስ አድርጎ ያቀርብላችኋል። ስቲም ለሌለው ኤክስ 360 ሲኢ የሚባል ፕሮግራም ያንኑ ያደርጋል። የሚያደናግረው የኤክስ ነገር ነው፤ በኤክስቦክስ ላይ ኤክስ የምትቀመጠው በፕሌይስቴሽን የካሬ ቦታ ስለሆነ ስክሪኑ "ኤክስ ተጫን" ሲላችሁ የእናንተን ካሬ ማለቱ ነው።

መዘግየቱስ? ርካሽ አዳፕተር መልሱን ለማድረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሊፈጅበት ይችላል፤ በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ነው። ለኳስ አይታወቅም። የድብድብ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ግን ይነጫነጩበታል፣ እውነት አላቸው። ንዝረቱም ከቀድሞው ይደክማል፤ ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፣ ሞተሮቹ የለመዱት ግን ከ7 በላይ።

አዳፕተሩ የማያድነው እርጅናን ነው። እንጨቱ ሥር የካርቦን መንገድ ላይ የምትንሸራተት ነገር አለች። መንገዱ ሲበላ መሐሉ 128 መሆኑ ይቀርና 110 ይላል፣ 100 ይላል፤ ተጫዋቹም ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ያዘግማል። በዚያው የዊንዶውስ መስኮት ውስጥ "ካሊብሬት" የሚለው ትንሽ ይረዳል። ቁልፎቹ እየጠፉ ቢያስቸግሩ ደግሞ ከጀርባው ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ ስስ የፕላስቲክ ሪባኑን የሚጫነውን ስፖንጅ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ ነው፣ ሥሩ እጥፍ ፕላስተር ሲገባለት ይነቃል።

ከሁለቱ አንደኛው ይኸው ወደ ግራ የሚያዘግመው ነበር። የእህቴ ልጅ እንግዳ ይከበራል አለና ለእኔ ሰጠኝ፤ በገዛ ቤቴ። በ88ኛው ደቂቃ ተከላካዬ ኳሱን ትቶ በቀስታ ወደ አግዳሚው ሲሄድ አገባብኝ። ለስላሳውን እኔ ከፈልኩ።