ጢስ ወደ ልብ የሚሄድበት መንገድ

ጢስ ዓይንን እንደሚያስለቅስ፣ ጉሮሮን እንደሚከረክር፣ ደረትንም አፍኖ እንደሚያስል ከልጅ እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህም ሰው ሁሉ የጢስን ጉዳት ከዓይንና ከሳንባ አሳልፎ አያስበውም፤ ዓይኑን አሻሽቶ፣ ደጅ ወጥቶ ጥቂት ነፋስ ከተቀበለ በኋላ ነገሩ ያለፈለት ይመስለዋል። ዳሩ ግን የሕክምና ሊቃውንት ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ መርምረው የደረሱበት ነገር ከዚህ አሳብ የራቀ ነው፤ ይኸውም በተበከለ አየር ምክንያት ከሚሞተው ሕዝብ መካከል ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው የልብ ሕመምና ስትሮክ መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቀው የምወደው፣ ከምድጃ እንጨት፣ ከመኪና ናፍጣና ከሚነድ ደን ተነሥቶ እስከ ልብ ድረስ የሚዘልቀውን፣ በዓይን ለይቶ ለማየት የማይቻለውን ረቂቅ ብናኝ ነው።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተሠራ ነው ይላሉ። ከአራቱ ሁሉ ሰው ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሊለየው የማይችለው ነፋስን ነው፤ ያለ እህል ብዙ ቀን፣ ያለ ውኃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ትንፋሽ ግን የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። አንድ ጎልማሳ በቀንና በሌሊት ከ10 ሺህ ሊትር የማያንስ አየር ይስባል፤ የሚበላውን እህል አበጥሮና አንጓሎ፣ የሚጠጣውን ውኃ አጥልሎ የሚጠነቀቅ ሰው፣ አየሩን ግን እንደ መጣ ከነብናኙ ይቀበለዋል።

የብናኙ መጠን የሚለካው በማይክሮሜትር፣ ማለት በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እጅ ነው። ሊቃውንቱ ፒ ኤም 2.5 እያሉ የሚጠሩት ወገን ወርዱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ሁሉ ያጠቃልላል፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ስለሚደርስ፣ ከእነዚህ መካከል ትልቁ እንኳ በአንዲት ጠጉር ወርድ ላይ ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ጎን ለጎን ሊሰለፍ ይችላል። ከመንገድ የሚነሣውን ሻካራ አቧራ የአፍንጫ ጠጉርና የጉሮሮ አክታ ይዘው ያስቀሩታል፤ ረቂቁ ግን እነዚህን ዘበኞች አልፎ በሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮን ወደሚቆጠሩት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይገባል። በዚያ ሥፍራ አየርንና ደምን የሚለያያቸው ከአንድ ማይክሮሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስስ ገለፈት ብቻ ነው።

ይህን ገለፈት ብናኝ ሊያልፈው ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን በሚያስደንቅ ዘዴ ፈተኑት። ጤነኛ የሆኑ ፈቃደኞች እጅግ የደቀቀ የወርቅ ብናኝ ያለበትን አየር እንዲስቡ አደረጉ፤ ወርቅን የመረጡበትም ምክንያት በሥጋ ላይ ጉዳት የማያደርስና በሌላ ጊዜ በደም ውስጥ የማይጠበቅ በመሆኑ፣ የትም ቢደርስ ያለ ጥርጥር ተለይቶ ስለሚታወቅ ነው። በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ወርቁ በደማቸውና በሽንታቸው ተገኘ፤ ከሦስት ወር በኋላም ምልክቱ ገና አልጠፋም ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ የአንገታቸው ደም ሥር በስብ ክምችት ጠቦ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የነበራቸው ሕሙማን ይህንኑ አየር ከሳቡ በኋላ የታየው ነው፤ ሐኪሞቹ ከደም ሥሩ ያወጡት ክምችት ሲመረመር ወርቁ በውስጡ ተገኘ። ብናኙ ቀድሞውኑ በታመመው ሥፍራ እየተጠራቀመ ነበር ማለት ነው። በወርቁ ፈንታ ጥላሸትና ብረታ ብረት የተሸከመ የናፍጣ ጢስ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሥፍራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ወደ ደም ያልገባውም ቢሆን በሳንባ ውስጥ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። የሳንባ ዘበኛ የሆኑት ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲያገኙ ይቈጣሉ፤ የቍጣቸውም ምልክት በደም ተጭኖ መላውን ሥጋ ይዞራል፤ በአየር ቧንቧ ያሉትም ነርቮች ተነክተው የልብን ምት ያውካሉ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። የደም ሥር ውስጠኛ ገጽ፣ ባልትና የምታውቅ እናት ምጣዷን በጎመን ዘር አሽታ እንጀራው እንዳይይዝባት እንደምታደርገው ሁሉ፣ ደም ሳይጣበቅ እንዲያልፍበት ሆኖ የተበጀ ነው፤ ጢሱ ይህን ልስላሴ ሲያበላሽበት ደም ሥሩ እንደ ልማዱ መስፋትን ይረሳል፤ ስብ ከሥሩ ይገባል፤ ደሙም ለመርጋት ይፈጥናል። የረጋው ደም ልብን የሚመግበውን ሥር ቢዘጋ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ የአንጎሉን ቢዘጋ ስትሮክ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን በቅርብ ያሳያል። ከዚያ ቀደም የልብ ድንገተኛ ሕመም ደርሶባቸው የዳኑ 20 ወንዶች፣ አንድ ቀን በተጣራ አየር፣ ሌላ ቀን ደግሞ በሳሳ የናፍጣ ጢስ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው በየመካከሉ የቆመ ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። በደረታቸው ላይ የተያያዘው መመርመሪያ የመዘገበው ምልክት እንዳመለከተው፣ በጢሱ ቀን የልባቸው ጡንቻ የደም እጥረት ከንጹሑ ቀን ይልቅ በግልጽ በርትቶ ነበር፤ የረጋ ደምን የሚያሟሟው የተፈጥሮ ኃይላቸውም ቀንሶ ተገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንዲት ሰዓት ሲሆን፣ የጢሱም መጠን በትልልቅ ከተሞች ጎዳና ላይ መኪና ሲጨናነቅ ሊያጋጥም የሚችል ነው።

አየር ሕዝብን እንደ መቅሠፍት ሊያጠፋ እንደሚችል ለዓለም ያስተማረችው ግን ለንደን ናት። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1952፣ ብርዱ ስለ በረታ በየቤቱ የድንጋይ ከሰል ይነድ ነበር፤ ነፋስም ስላልነበረና ከላይ የተዘረጋው ሞቃት አየር ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር ስለ ከደነው፣ ከምድጃውም ከፋብሪካውም የወጣው ጢስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ከተማዪቱን አምስት ቀን ሙሉ ዋጣት። አውቶቡስ ይሄድ የነበረው ሰው ከፊቱ መብራት ይዞ እየመራው ነበር፤ ሳድለርስ ዌልስ በተባለው ቲያትር ቤት ውስጥ ጢሱ አዳራሹን ስለ ሞላው ተመልካች መድረኩን ማየት ተስኖት ኦፔራው ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ተቋረጠ። በመጀመሪያ የተገመተው የሟች ቍጥር 4 ሺህ ያህል ነበር፤ በኋላ ግን በተከታዮቹ ወራት የሞቱትንም ጨምረው ያሰሉ ተመራማሪዎች እስከ 12 ሺህ አድርሰውታል። በሳንባ ምች የሞተው ብዙ ሲሆን በልብ ሕመም የሞተውም ከተለመደው በላይ ነበር፤ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ጢስን ከልብ ጋር አያይዞ የሚያስብ ሐኪም ጥቂት ነበር። እንግሊዝ የንጹሕ አየር ሕግን ያወጣችው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ከለንደን መከራ ሰው በስሕተት የተማረው አንድ ነገር አለ፤ ጢስ የሚገድለው ሰማዩን ሲያጨልም ብቻ ነው ብሎ መደምደሙን ማለቴ ነው። ይህን ያፈረሰው የሐርቫርድ ተመራማሪዎች በስድስት የአሜሪካ ከተሞች 8,111 ጎልማሶችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናት ነው። የትምባሆን ልማድና ሌላውንም ምክንያት አጣርተው ሲያሰሉ፣ እጅግ በተበከለችው በስቱበንቪል ያለው የሞት መጠን በንጹሒቱ በፖርቴጅ ካለው በ26 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ደግሞ በተለይ የረቂቁ ብናኝ ነበር። ኋላም በጀርመን በአውግስቡርግ ከተማ፣ የልብ ድንገተኛ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ከመታመማቸው በፊት የዋሉበትን ሰዓት በሰዓት ተጠይቀው፣ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ባለችው አንዲት ሰዓት የመታመማቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚያድግ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገለጠ።

የሰደድ እሳት ጢስ በዚህ ዘመን የተጨመረ ዋና ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በካናዳ ከ15 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን ሲቃጠል፣ ጢሱ በጁን ወር መጀመሪያ ላይ ድንበር ተሻግሮ የኒው ዮርክን ሰማይ ብርቱካን አስመሰለው፤ በማግሥቱም አያሌ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን የዋሽንግተንን፣ የሲልቨር ስፕሪንግንና የአሌክሳንድርያን አካባቢ ሸፈነው። በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ሁሉ ሳል ያዛችሁ ወይ፣ ዓይናችሁ እንዴት ነው የሚል ነበር፤ ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው አባት ልባቸው እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት መሆን አለበት። በካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. የ2015ን የእሳት ወራት የመረመሩ ሰዎች፣ ጢሱ በበረታባቸው ቀናት በልብና በአንጎል ደም ሥር ሕመም ወደ ድንገተኛ ሕክምና የሚመጣው ሰው እንደሚጨምር፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ እንደሚበረታ አረጋግጠዋል። እሳቱ ከደን አልፎ ከተማን ሲበላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርንያ በፓራዳይዝ ከተማ እንደ ሆነው፣ በጢሱ ውስጥ የሚኖረው የዛፍ አመድ ብቻ አይደለም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ቀለምና የኤሌክትሪክ ሽቦም ይታከልበታል።

ስለ ሩቁ አገር ደን ይህን ያህል ከተናገርን፣ በየዕለቱ በጓዳችን ስለሚነደው እሳት ዝም ማለት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከነዚህ 32 በመቶው በልብ ደም ሥር ሕመም፣ 23 በመቶው ደግሞ በስትሮክ ነው። የገጠር እናት በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣዷን ጥዳ፣ እርጥቡ እንጨት አልነድ ሲላት ጎንበስ ብላ እፍ ስትል፣ ፊቷ ከጢሱ ምንጭ የሚርቀው ከክንድ ባነሰ ነው፤ ልጅም በጀርባዋ ታዝሎ ያንኑ ይስባል። የጣሪያው ጥቀርሻ ስንት ዓመት እንደ ተጋገረበት ይመሰክራል፤ በደም ሥሯ ላይ የተጠራቀመውን ግን የሚያይላት የለም። ወደ ሐኪም ሄዳ ደረቷን ሲያፍናት ብትናገር፣ ስለ ትምባሆ ትጠየቅ ይሆናል እንጂ ስለ ምድጃዋ የሚጠይቃት ብዙ አይደለም፤ እኔ ይህን እጅግ ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ከሰልም ጢሱ ስለማይታይ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ከእርሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ልብን ያስርባል፤ ስለዚህ በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ፈጽሞ የማይገባ ነው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከብቦ እንጨቱንም ጢሱንም ስለሚቀንስ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም መብራት ባለበት ጢስን ጨርሶ ስለሚያስቀር፣ ለቤት እመቤት የሚገዛ የመጀመሪያው ዕቃ ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይገባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያውን አሻሽሎ፣ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ይፈቀድ የነበረውን 10 ማይክሮግራም ረቂቅ ብናኝ ወደ 5 አወረደው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚጀምርበትን ዝቅተኛ ድንበር ለማግኘት ስላልተቻለ ነው። መንግሥታት ይህን እስኪፈጽሙ ድረስ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ጢስ በበዛበት ቀን መስኮቱን ዘግቶ በቤት ቢውል፣ ሩጫና ከባድ ሥራ ቢተው፣ መውጣት ግድ ቢሆንበት ኤን 95 የተባለውን ጭምብል ፊቱ ላይ አጣብቆ ቢያደርግ ይጠቀማል፤ ነጠላ በአፍንጫ ላይ መከናነብ አቧራውን እንጂ ረቂቁን አይመልስም። መድኃኒቱንም አንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሕመም ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ቢዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብም ቢያጠምቀው፣ ጢሱ ነው ያልፋል ብሎ ሳይጠብቅ በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የሚቀበለውም ሐኪም ከስሙና ከዕድሜው ቀጥሎ በቤቱ ምን እንደሚነድ ይጠይቀው።