ምዕራፍ አራት፦ እባቡና ልጡ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል የአገራችን ሰው። ልጥ ከዛፍ ተልጦ ለማሰሪያ የሚውል ቅርፊት ነው፤ አይናደፍም፣ መርዝ የለውም። ይሁን እንጂ ሲመሻሽ ከመንገድ ዳር ተጠቅልሎ ሲታይ፣ አንድ ጊዜ እባብ ያጋጠመውን ሰው ከቆመበት ያስፈነጥረዋል። ሰውየው መጀመሪያ ይዘላል፤ ቀጥሎ የልቡ ምት ይሰማዋል፤ ልጥ መሆኑን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ይህን ምሳሌ የተናገረው ሰው ሦስት ነገር አስተውሏል። ሰውነት ከሐሳብ ይቀድማል። ያለፈ ጉዳት የዛሬን ዐይን ይለውጣል። የማይጎዳው ነገርም የሚጎዳውን መልክ ተውሶ ያስፈራል። የአንጎል ተመራማሪው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ የታሪክና የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙት እነዚህኑ ነገሮች ለመረዳት ነው። በዚህ ምዕራፍ በየደጃፋቸው ጥቂት እየቆምን እናልፋለን። ከመካከላቸው ብቻውን ሙሉ መልስ የያዘ የለም፤ የአንዱ መልስ ሲያልቅ የሌላው ጥያቄ ይጀምራል።

«ፈራሁ» እና «ጨነቀኝ»

«ፈራሁ» የሚል ሰው «ምኑን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አለው፦ ውሻውን፣ ፈተናውን፣ ጨለማውን። «ጨነቀኝ» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያጥረዋል። ቋንቋችን ልዩነቱን በሰዋስው ጭምር ይዞታል። በ«ፈራሁ» ውስጥ ባለቤቱ እኔ ነኝ። በ«ጨነቀኝ» ውስጥ ግን እኔ ተሳቢ ነኝ፤ አድራጊው አልተጠራም። ስም የሌለው ነገር መጥቶ ይዞኛል።

የዴንማርኩ ፈላስፋ ሶረን ኪርከጋርድ እ.ኤ.አ. በ1844 ስለ ጭንቀት ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ልዩነት አንስቷል። እንደ እሱ አገላለጽ ፍርሃት የተወሰነ ነገርን ይመለከታል፤ ጭንቀት ግን ገና ያልሆነውን፣ ሊሆን የሚችለውን። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው እንደሚያዞረው ሁሉ፣ ከፊታችን የተዘረጋው ምርጫና ዕድልም ያዞረናል። ስጋት የምንለው በሁለቱ መካከል ይውላል፦ ነገሩን እናውቀዋለን፤ ይምጣ አይምጣ፣ መቼ ይምጣ ግን አናውቅም።

ሰውነት ሲቀድም

አሜሪካዊው የሰውነት ተግባር ተመራማሪ ዋልተር ካነን በሃርቫርድ ገና ተማሪ ሳለ የድመቶችን ሆድ በራጅ ይከታተል ነበር። ድመቷ ስትታወክ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ እንደሚል ታዘበ። ነገሩን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1915 በመጽሐፍ አወጣው። አደጋ ሲታይ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ ስኳር ወደ ደም ይገባል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል። ሰውነት ሊታገል ወይም ሊሸሽ ታጠቀ ማለት ነው። ስንደነግጥ አፋችን የሚደርቀው፣ ሆዳችን የሚረበሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዝግጅት ከጅብ ለመሸሽ ይጠቅማል። ዛሬ ግን ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀን የቤት ኪራይ ጭማሪ፣ የፈተና ውጤት፣ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤን በጡጫ አይመቱትም፤ ከኪራይም ሮጠው አያመልጡትም። ሰውነት ታጥቆ ይቆማል፤ ትጥቁን የሚፈታበት ቦታ ያጣል።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ሌዱ ደግሞ ነገሩን ወደ አንጎል ተከትሎ ገባ። አንጎል ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ ስሟ በግሪክኛ ለውዝ ማለት ነው። የአደጋ ምልክት ወደዚህች ክፍል የሚደርሰው በሁለት መንገድ እንደሆነ ሌዱ አሳየ። አንደኛው አቋራጭ ነው፤ ፈጣን ሆኖ ዝርዝር ግን ይጎድለዋል። ሁለተኛው በላይኛው የአንጎል ክፍል በኩል ይዞራል፤ ዘግይቶ ቢደርስም ነገሩን አጣርቶ ነው። በአቋራጩ ዘለልን፤ በዙሪያው መንገድ «ልጥ ነው» አልን።

ሆኖም ሌዱ ራሱ ከጊዜ በኋላ ማሳሰቢያ ጨመረ፦ አሚግዳላ አደጋን ትለያለች፤ «ፈራሁ» የሚለው ስሜት ግን ከእሷ የሰፋ የአንጎል ሥራ ነው። ይህን የሚያጠናክር አስገራሚ ማስረጃ ከአሜሪካ ተገኘ። በሕመም ምክንያት በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱም አሚግዳላዎቿ የጠፉባት አንዲት ሴት እባብ እንኳ አያስፈራትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ግን 35 ከመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነ አየር ስትተነፍስ በከባድ ድንጋጤ ተዋጠች። ፍርሃት ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሰውነታችንም ይነሣል፤ የሚገባበት በርም አንድ ብቻ አይደለም።

ፍርሃት ይማራል

አሜሪካዊው ጆን ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳተሙት ሙከራ ሲነበብ ልብ ያሳምማል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ ይፈራ አልነበረም። አይጡን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ብዙም ሳይቆይ አይጡን ብቻ እያየ ያለቅስ ጀመር፤ ቀጥሎ ጥንቸሉን፣ ውሻውን፣ ፀጉራም ካፖርቱን ሁሉ ፈራ። ዛሬ ማንም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም፤ ሊፈቀድም አይገባም። ያሳየው ነገር ግን የአባባላችንን እውነት ነው፦ ፍርሃት ከተማረው ነገር አልፎ ለሚመስለው ሁሉ ይተርፋል።

የተማረ ፍርሃት ይረሳል ወይ? ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው፣ የጠፋ የመሰለ ልማድ ከዕረፍት በኋላ ተመልሶ ብቅ ይላል። አሮጌው ትምህርት አልተፋቀም፤ በላዩ አዲስ ትምህርት ተጻፈበት እንጂ። የዛሬው የፍርሃት ሕክምና አንዱ መሠረት ይህ ነው። ታካሚው የሚፈራውን ነገር ከባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ፣ በደረጃ ይጠጋዋል። ሽሽት ለዛሬ ያሳርፋል፤ ለነገ ግን ፍርሃቱን ያደልበዋል። ልጡን ሸሽቶ የሄደ ሰው ልጥ መሆኑን መቼም አያውቅም።

ሚዛኑ ሲዛባ

አገራችን አዲሱን ዓመት 1994ን በተቀበለችበት በመስከረም 1 ቀን፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን የደረሰውን የአውሮፕላን ጥቃት ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ትተው በመኪና መጓዝ መረጡ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገረንዘር የመንገድ አደጋ መዝገቦችን መረመረ። በግምቱ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰዎች በመንገድ ላይ ሞተዋል። እነዚህን ሰዎች ማንም ጠላት አልነካቸውም። ፍርሃታቸው ከአስፈሪው አደጋ አሽሽቶ ለለመዱት አደጋ ሰጣቸው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ማብራሪያ አለ፦ የአንድን ነገር አዘውታሪነት የምንገምተው ምሳሌው በቀላሉ ትዝ በማለቱ ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ስሎቪክም እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጽሑፍ ሰው የሚፈራው በሞት ቁጥር ልክ እንዳልሆነ አስረድቷል። ከቁጥጥራችን ውጭ የሆነ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚፈጅ፣ ያልለመድነው ነገር ይበልጥ ያስፈራናል። የለመድነውን ደግሞ እንንቀዋለን። ስለ ሩቅ አገር ወረርሽኝ እያወራን፣ ቀበቶ ሳናስር በፈጣን መኪና እንጓዛለን።

ወሬ፣ ረሀብና የማይታይ አደጋ

እስካሁን ስለ አንድ ሰው ነበር። ማኅበረሰብም ይበረያል። እ.ኤ.አ. በ1789 ክረምት በፈረንሳይ ገጠር «ሽፍቶች ሰብሉን ሊያጠፉ መጡ» የሚል ወሬ ከመንደር መንደር ተዛመተ። ደወል ተደወለ፤ ገበሬው ማጭዱንና መንሹን ይዞ ወጣ። በአንድ ስፍራ ሽፍታ የመሰለው አቧራ ያስነሣው የከብት መንጋ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ዦርዥ ለፌቭር እ.ኤ.አ. በ1932 ይህን «ታላቁ ፍርሃት» የተባለ ክስተት በመጽሐፍ ሲመረምር ሕዝቡን ጅል አላለውም። ያለፈው ዓመት ምርት ተበላሽቷል፤ ዳቦ ተወዷል፤ ሥራ ያጡ ተንከራታቾች መንገዱን ሞልተውታል፤ ባላባቶቹም አይታመኑም። ሽፍቶቹ ሐሰት ነበሩ፤ ረሀቡ ግን እውነት ነበር። የወሬን ሐሰትነት ማጋለጥ ብቻ ፍርሃትን አያበርድም የምንለው ለዚህ ነው። ወሬው የበቀለበትን መሬት ማየት ያስፈልጋል።

ዘመናዊው ኑሮ ደግሞ አዲስ መልክ ጨመረ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ገርብነር ቴሌቪዥን አብዝተው የሚያዩ ሰዎች ዓለምን ከሌላው ይበልጥ ጨካኝና የማይታመን አድርገው እንደሚስሏት አገኘ። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኡልሪሽ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1986፣ የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ በፈነዳበት ዓመት፣ የእኛን ዘመን «የስጋት ማኅበረሰብ» ሲል ሰየመው። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፤ መኖሩን የምናውቀው ባለሙያና ባለሥልጣን ሲነግሩን ነው። ስለዚህ የዘመናችን ስጋት ውስጡ ሲታይ የመተማመን ጥያቄ ነው። የሚነግረን አካል ካልታመነ ጸጥታውም ማስጠንቀቂያውም እኩል ያስፈራል።

ከአደጋው ይልቅ አለማወቁ

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ወደ እባባችን ይመልሰናል። 45 በጎ ፈቃደኞች በኮምፒዩተር ጨዋታ ከድንጋይ ሥር እባብ ይኖር እንደሆነ ይገምታሉ፤ እባብ ካለ እጃቸውን የሚያሳምም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካቸዋል። በላባቸውና በዐይናቸው ብሌን ሲለካ ጭንቀታቸው ከሁሉ የከፋው ንዝረቱ እርግጠኛ በሆነ ጊዜ አልነበረም። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነበር።

ይህን ውጤት ከእኛ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? አገር ቤት ችግር ተሰምቶ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በሪያድ ስልኩን ታቅፎ የሚያድር ልጅ ያውቀዋል። መርዶ ከባድ ቢሆንም ይለቀሳል፤ ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ይመጣል። ላልታወቀ ነገር ግን ለቅሶ ቤት የለም።

ስጋት ሕመም ሲሆን

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚገኘው የጭንቀት ሕመም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 301 ሚሊዮን ሰዎች ነበረባቸው። ውጤታማ ሕክምና ቢኖርም፣ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው አራት ሰዎች የሚያገኘው አንዱ ያህል ብቻ ነው። ፍርሃቱ ለወራት አልለቅ ካለ፣ እንቅልፍ፣ ሥራና ከሰው መገናኘትን ከከለከለ፣ ያለ ምክንያት ልብ እየመታ ትንፋሽ ካጠረ፣ ጉዳዩ የወኔ ማነስ ወይም የእምነት መጉደል አይደለም። ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጸሎቱም፣ የነፍስ አባት ወይም የሽማግሌ ምክሩም ከሕክምናው ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የለብንም።

ለዕለት ስጋታችን ደግሞ ከየደጃፉ አንድ አንድ ጥያቄ ይዘን እንመለስ። አሁን የሚናገረው ሰውነቴ ነው ወይስ የሆነ ነገር አይቻለሁ? ይህን ፍርሃት የት ተማርኩት? ማን ነገረኝ፣ ለምንስ አመንኩት? ስለ ጎረቤታችን ስንጨነቅም አንድ እንጨምር፦ ከፍርሃቱ በስተጀርባ ያለው እውነተኛ ችግር ምንድን ነው?

እባብ ያየ ሰው በልጥ ቢበረግግ አይፈረድበትም። «ፈሪ» ብለነው ካለፍን ግን በእኛ ይፈረዳል። ፋኖሱን ይዘን አብረነው እንጠጋ፤ ልጥ ከሆነ አብረን እናንሣው፤ እባብ ከሆነም ብቻውን አይግጠመው።