ከቤተሰብ ጋር ደሴ ገብታችሁ የት ትበላላችሁ?

ከከላላ ቤተሰቡን ይዞ ደሴ የገባ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። እኛ ወሎዎች ጋ ደግሞ ትንሽ ይከብዳል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ዘመድ አለ፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው የሚታረደው። ቤቱ ስላማረ ብቻ ዘው አይባልም።

እኛ እንዲህ አድርጉ እንላለን፦

1. ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። "ቤቱ የሙስሊም ነው የክርስቲያን?" ማለት ወሎ ውስጥ ነውር አይደለም።

2. ከአንድ ትሪ መብላት ካማራችሁ የጾም በየዓይነቱ እዘዙ። ሥጋም ቅቤም የለበትም። ረቡዕና አርብ ደግሞ በክርስቲያን ቤቶች እንደልብ ይገኛል። ጠንቃቃ ሰው አብሯችሁ ካለ ድስቱም የተለየ መሆኑን አጣሩ።

3. ረመዳን ከሆነ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ቀን ሊዘጉ ይችላሉ። ከመግሪብ በኋላ ሂዱ።

4. ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ይጨምር እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። ቫት 15 በመቶ ነው፤ የ1,000 ብር ምሳ ሒሳብ ሲመጣ 1,150 ይሆናል። ለብዙ ሰው ስትከፍሉ ልዩነቱ ይሰማል።

5. ስልክ ላይ ያየነውን ፎቶ ብቻ አንመን። ፒያሳ ወይ አራዳ ስትደርሱ ባለሱቁን "አንተ ምሳ የት ነው የምትበላው?" በሉት። በየቀኑ ከኪሱ ከፍሎ የሚበላበትን ቤት ነው የሚነግራችሁ።

እማማ ወይ አባባ ሥጋውን ተጠራጥረው እጃቸውን ከሰበሰቡ፣ የከተማው ምርጥ ቤትም አይጣፍጥም። የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ግን ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል።